ከአምቦ ወዲህ፦ የባዮጋዝ ማብላያዎች ለምን ቆሙ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1979 በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ ተሠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት ገደማ አንድ ሺህ የሚጠጉ በየቤቱና በየተቋሙ ተገነቡ፤ ኋላ ሲጠኑ ግን 40 በመቶ ያህሉ ቆመው ተገኙ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ማነስ ወይም በገበሬው ቸልተኝነት ይሳበባል። እኔ ግን ማብላያው በየቀኑ የሚጠይቀውና የደጋው ኑሮ የሚሰጠው አልተገናኙም ባይ ነኝ።

ጋዙን የሚያወጡት አየር በሌለበት እበቱን የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የሚስማማቸው ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ከ15 በታች ሲወርድ በጣም ይዳከማሉ። በቆላ ይህ አያሳስብም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን፣ የማብላያው ጉልላት መሬት ውስጥ መቀበሩ ብርዱን ቢያለዝበውም፣ እበቱ ጉድጓዱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ለዚህ ሰፊ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ሰፊ ጉድጓድ ደግሞ ሲሚንቶ ይበላል። ውሃው ከዚህም ይብሳል። ትኩስ እበት በእኩል ውሃ ስለሚበጠበጥ 20 ኪሎ እበት በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል፤ ቀጂዋም ማን እንደሆነች ይታወቃል። ከብቱ ቀኑን መስክ ላይ ስለሚውል የሚሰበሰበው በረት ያደረው እበት ብቻ ነው፤ እሱም ዛፍ በተራቆተበት አገር ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ይሸጣል።

ንድፉ ቢሻሻልና ግንበኛው ቢሠለጥን ኖሮ የሚል ይኖራል። ይህማ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በዘለቀው የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ከኔፓል የመጣው ንድፍ ለአገሩ ተስተካክሎ «ስንዱ» ተባለ፣ ግንበኞች ሠለጠኑ፣ ድጎማም ነበር። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 14,000 ታቅዶ የተሠራው ከ8,000 ብዙም አልዘለለም። የሲሚንቶ እጥረት ድርሻ እንደነበረው አልክድም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ራሱ ቢያንስ አራት ከብትና ቅርብ ውሃ ያለውን ቤተሰብ ሲመርጥ፣ ግንቡ ብቻውን ጋዝ እንደማይወልድ ማመኑ ነበር። ምርጫው ደግሞ ማገዶ ይበልጥ የሚቸግራቸውን ከብት የለሾች በር ላይ አስቀራቸው።

ሁሉም በተሟላበት ቤት እንኳ ወጡና ቡናው በጋዝ ይበስላል፤ ምጣዱ ግን ሰፊና ኃይለኛ እሳት ስለሚሻ ለእንጀራው እንጨት መልቀሙ አልቀረም።