የጎን ማስገቢያ ቅንብር

የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች «ሳይድላይን ኢንባውንድ ፕሌይ» የሚሉትን በአማርኛ «የጎን ማስገቢያ ቅንብር» ብንለው ይስማማል። ኳሷ በጎን መስመር ስትወጣ ወይም ከታይም አውት በኋላ ጨዋታው ከጎን ሲቀጥል፣ አምስቱ ተጫዋቾች አስቀድመው ተለማምደው የሚሠሩት እንቅስቃሴ ማለት ነው። ከእግር ኳስ «የእጅ ውርወራ»ን መዋስ ይቻል ነበር፤ ግን ውርወራ ሲባል ርቀት ይታሰባል። እዚህ ጭንቁ ኳሷን የጓደኛ እጅ ላይ ማድረስ ነው፤ ብዙ አሰልጣኝ የሚስተውም ይኸንኑ ነው። ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ሹት አሳምሮ ይስላል፤ ኳሷ እንዴት እንደምትገባ ግን ለዕድል ይተዋል።

በጉና ተራራ ግርጌ ያደገ ልጅ የሚያውቀው የገና ጨዋታ የተሰመረ ጠርዝ የለውም፤ ሩሯ ወደሄደችበት ይሮጣል። ቅርጫት ኳስ ግን 28 በ15 ሜትር ውስጥ የታጠረ ነው፤ ከመስመሩ ውጭ መሬት የነካች ኳስ ሁሉ ጨዋታውን ታቆማለች። ስለዚህ ማንኛውም የትምህርት ቤት ቡድን በአንድ ጨዋታ ደጋግሞ ከጎን ያስገባል።

ዳኛው ኳሷን ለአስገቢው ከሰጠ በኋላ 5 ሰከንድ ብቻ አለ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ አስገቢው ወደ ጎን በድምሩ ከ1 ሜትር በላይ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ቦታ ካለ ግን ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይችላል፤ ይህን የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። የጨዋታው ሰዓት የሚነሣው ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ኳሷን ሲነካ ነው። አስገቢው ውጭ ስለሚቆም ውስጥ የሚቀሩት አራት ናቸው፤ ተከላካዮቹ አምስት። ቅንብሩን የግድ ያደረገው ይህ ጉድለት ነው።

አንዱ ቅንብር እንዲህ ነው። አራቱ በሣጥን ቅርጽ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ቀለበቱ አጠገብ፣ ሁለቱ በቅጣት ምት መስመሩ ጫፎች። ከርቀት ጥሩ የሚያስቆጥረው ልጅ ከቀለበቱ ሥር ይነሣል፤ ረጅሙ ጓደኛው ስክሪን ሠርቶ፣ ማለትም በአካሉ ከልሎ፣ ተከላካዩን ያስቀርለታል፤ ልጁም ኳሷ ወዳለችበት ማዕዘን ይሮጣል። ሁለቱም ተከላካዮች ሯጩን ከተከተሉ ስክሪን የሠራው ልጅ ወደ ቀለበቱ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነውም እሱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ከግርግሩ ርቀው መጠባበቂያ ይሆናሉ። አስገቢውስ? ኳሷን እንደለቀቀ ይገባል። ጠባቂው ኳሷን በዓይኑ ስለሚከተል፣ የመልስ ቅብብሉ ሲደርሰው ብቻውን ይገኛል። ስለዚህ እኔ ብሆን አስገቢ የማደርገው የተረፈውን ልጅ ሳይሆን ከቡድኑ አስተዋዩን ነው፤ ቁመትም ቢኖረው አልጠላም።

አስገቢው ሲቻኮል ምን እንደሚመጣ የአሜሪካው ኤንቢኤ ቡድን ዲትሮይት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ግንቦት ቦስተንን በአንድ ነጥብ እየመራ፣ 5 ሰከንድ ሲቀር የዲትሮይቱ አይዛያ ቶማስ ከጎን ያቀበላትን ኳስ የቦስተኑ ላሪ በርድ ጠለፈ። ለጓደኛው ለዴኒስ ጆንሰን ሰጠው፤ እሱም አስቆጥሮ ቦስተን 108 ለ107 አሸነፈ።

ከፍታም ቅንብሩን ያግዛል። በጉና ግርጌ ያለችው ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ቡድን በአራተኛው ሩብ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። የደከመ ተከላካይ ደግሞ ስክሪን ዞሮ ለመድረስ ይዘገያል። እዚህ ላይ ሕጉም ያግዛል፦ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ቡድኑ ከራሱ ሜዳ ሊያስገባ ሲል ታይም አውት ከጠየቀ፣ አሰልጣኙ በተጋጣሚው ሜዳ ካለው የማስገቢያ መስመር መጀመር ይችላል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲልም ቅንብሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ግንቦት ሳን አንቶኒዮ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን 73 ለ72 ሲመራ የቀረው 0.4 ሰከንድ ነበር። የሌከርሱ ጋሪ ፔይተን ከጎን ለጓደኛው ለዴሪክ ፊሸር አቀበለ፤ ፊሸር ይዞ፣ ዞሮ አስቆጠረ፤ 74 ለ73። በፊባ ሕግ ይዞ ለመሞከር ቢያንስ 0.3 ሰከንድ ያስፈልጋል። 0.2 ወይም 0.1 ከቀረ ኳሷን መንካት ወይም ከላይ በቀጥታ መክተት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ያኔ ማዕዘን ድረስ መሮጡ ይቀርና ኳሷ ወደ ቀለበቱ አፍ ትላካለች፣ ረጅሙ ልጅ ዘሎ ይነካታል።