ፓውዛውን ማን ያዘው?

የ«ሳንኮፋ» ካሴት እጄ የገባው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ነው። አንድ ዘመዳችን ከዋሽንግተን ሲመጣ «አንተ የካሜራ ሰው ስለሆንክ» ብሎ ከልብስ መሐል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ምስጋናዬን በቅጡ ሳልጨርስ ወደ ቤቴ በረርኩ። ምን ያደርጋል! የአሜሪካኖቹ የቪዲዮ ሥርዓት ከእኛው የተለየ ነውና በእኔ ማጫወቻ ላይ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረ። ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ያለውን የሙያ ጓደኛዬን ለምኜ ለአንድ ሌሊት ተዋስኩና ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው።

ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ሲወርድ ባለቤቴ አንዱን ስም በጣቷ እያመለከተች፦

«ሺሪኪያና አይና... ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

«የኃይሌ ገሪማ ባለቤት ናት። ፕሮዲዩሰሯ ከእሱ ጋር እሷ ናት» አልኳት።

«እሱስ ጽፎታል» አለችና የሻይ ስኒዎቹን ሰብስባ ተነሣች።

ይህች አጭር ንግግር ምን እንዳዘለች አንባቢ እንዲረዳልኝ ስለ ፓውዛው መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ የምተዳደረው ሠርግ በመቅረጽ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ እከተላለሁ፤ ሰኞና ማክሰኞ እየቆረጥኩ እቀጥላለሁ፤ ረቡዕ ካሴት አባዛለሁ፤ ሐሙስ ቀሪ ሂሳብ ለመቀበል ደጅ እጠናለሁ። ዐርብ ብቻ የራሴ ነበረች። በዐርብ ዐርብ እንጦጦ አካባቢ የሚኖሩ አንድ በገና ደርዳሪ ሽማግሌን እየሄድኩ፣ ከሠርግ በተረፈ ካሴት እቀርጻቸው ነበር። አንድ ቀን ዘጋቢ ፊልም ይሆናል ብዬ።

ለሠርጉ ፓውዛ ያዥ መቅጠር አቅሜ አልነበረም። የያዘችልኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ሺህ ዋት፣ እንደ ምጣድ የሚያቃጥል አምፖል! የመጀመሪያ ልጃችንን አዝላ የያዘችበት ሠርግ አለ። ሰዉ «አንቺ፣ ዓይናችንን አጠፋሽው፣ ዝቅ አድርጊያት!» እያለ ይጮኽባታል፤ እኔ ደግሞ ከካሜራው ኋላ ሆኜ «ከፍ አድርጊው» እላለሁ። በካሴቱ ሽፋን ላይ ግን «ቀረጻና ቅንብር» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ የእኔ።

ስለ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሲወራ ዘወትር የምንሰማው ብቻውን ሆሊዉድን ስለተጋፈጠ እልኸኛ ጎንደሬ ነው። ውሸት አይደለም፤ እልኸኛነታቸውን እሳቸውም የሚክዱት አይመስለኝም። ነገር ግን የሥራ ታሪካቸውን ከዳር እስከ ዳር ለሚከታተል ሰው «ብቻውን» የምትለዋ ቃል ቦታ ታጣለች። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1946 ጎንደር ሲወለዱ ጥበቡ እቤት ውስጥ ነበር። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ፣ መምህርና የተውኔት ጸሐፊ ናቸው፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ መጽሐፍ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ልጅ ኃይሌ መድረክ ላይ መውጣት የጀመሩት በአባታቸው ቲያትር ነው። በ1967 ወደ አሜሪካ፣ ቺካጎ የሄዱትም ቲያትር ለመማር ነበር። ኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያዙ። በዚያ ትምህርት ቤት እነቻርልስ በርኔት፣ እነላሪ ክላርክ፣ እነጁሊ ዳሽ ነበሩ፤ በኋላ ዘመን የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብለው የሰየሟቸው ጥቁር የፊልም ሰዎች ማለት ነው። ዛሬ ዳይሬክተር የሆነው ነገ ለጓደኛው ካሜራ ይሸከማል። ኃይሌ «ቡሽ ማማ»ን ሲሠሩ ካሜራ ከያዙላቸው አንዱ በርኔት ነው። እንግዲህ ደቦ ማለት ይህ አይደለምን? ወይዘሮ ሺሪኪያና አይናም ፊልም ያጠናችው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1974 አገራችን በአብዮት ስትናጥ ኃይሌ መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በሁለት ሳምንት! ከቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ተሰይሞ ገባሮቹን የሚያዝዘውን ባላባትና «እብድ» የሚባለውን ከበበን ያየ ሰው አይረሳቸውም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም በሁለት ሳምንት መቅረጽ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ የአንዲት መልስ ካሴት አቀናብሬ ለማስረከብ ወር የፈጀሁበት ጊዜ አለና። በ1976 ሎካርኖ ላይ ተሸለመ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው፣ ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ሐረግ የሚያልፉት፣ ለእኔ ዋናው ነው። ኃይሌ በ1975 ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጠሩ፤ ለአሥርት ዓመታትም አስተማሩ። በእኛ ዘንድ የጥበብ ሰው ደሞዝተኛ ሲሆን እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። እኔ ግን ያ ደሞዝ ባይኖር ከዚያ በኋላ የመጡት ፊልሞች ይኖሩ ነበር ብዬ አላምንም። በ1982 የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት አቋቋሙ። ያንጊዜ ቤት ኪራይና የልጅ ወተት የሚለምን ሰው ቢሆኑ ኖሮ የሌላ ሰው ድርሰት በሠሩ ነበር።

ከዚያ «ሳንኮፋ» መጣ። በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ሞና ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ በሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ስትሆን የሚያሳይ ፊልም ነው። ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ዓመታት ፈጅቷል። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ከበርሊን ሲመለስ ግን በአሜሪካ የሚያሳየው አከፋፋይ ጠፋ! ባልና ሚስት ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው አሳዩት። የጥቁሩ ማኅበረሰብ በአፍ በአፍ እየተጠራራ ተሰለፈ፤ ፊልሙ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ማሳየት ማለት ወረቀት መለጠፍ፣ ስልክ መደወል፣ ወንበር መሙላቱን እየቆጠሩ እንቅልፍ ማጣት ነው። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ላይ «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር የከፈቱትም አብረው ነው።

ይህን ስል ወይዘሮ ሺሪኪያናን ፓውዛ ያዥ ማድረጌ እንዳይመስልብኝ። እሷ ራሷ ዳይሬክተር ናት። በ1982 «ብሪክ ባይ ብሪክ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች፤ የዋሽንግተን ጥቁር ነዋሪዎች ከየሰፈራቸው ሲፈናቀሉና አንዳንድ ተከራዮች ተደራጅተው ቤታቸውን ለመግዛት ሲታገሉ የሚያሳይ። በ1997 ደግሞ የአባቷን ፈለግ ተከትላ ወደ ጋና የተጓዘችበትን ሥራ አወጣች። ስሟ በብዛት በሚነሣባቸው በነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል 15 ዓመት አለ። በመሐል ያለው «ሳንኮፋ»ና ልጅ ማሳደግ ነው። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ሒሳቡን እሷ እንዴት እንደምታወራርደው አላውቅም፤ እኔም ልናገርላት አይገባኝም። ከባሏ ፊልሞች ጋር አብሮ መቆጠር ያለበት ቁጥር መሆኑን ግን አውቃለሁ።

«ጤዛ» አሥራ አራት ዓመት ጠየቀ። እህታቸው ሰሎሜ ገሪማም በዝግጅቱ ተሳትፋለች፤ እንግዲህ ቤተሰቡ በባልና ሚስት አላበቃም። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቁን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ያን ሰሞን ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ስለ ሽልማቱ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም።

ይልቅ በ2020 የሆነውን ልንገራችሁ። ልጃቸው መርዓዊ ገሪማ «ሬዚዱ» የተባለ የመጀመሪያ ረዥም ፊልሙን ይዞ ወጣ። (በእኛ ልማድ መርዓዊ ኃይሌ በተባለ ነበር። መርዓዊ በግእዝ ሙሽራ ማለት መሆኑ ደግሞ እኔን የሠርግ ቀራጩን ፈገግ አሰኝቶኛል።) ፊልሙ ስለ አንድ ወጣት ነው፤ ስለ ልጅነት ሰፈሩ ድርሰት ሊጽፍ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ሰፈሩ በአዳዲስ ባለገንዘቦች ተይዞ፣ የልጅነት ጓደኞቹ ተበትነው ያገኘዋል። ሁሉም «የአባቱ ልጅ» አለ። እልኹ፣ የካሜራው አለመታዘዝ የአባት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን የማን ነው? ከሰፈር መፈናቀል፣ ያውም ያችው ዋሽንግተን፣ እናቱ በ1982 የቀረጸችው ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ ልጁ እናቱ ባቆመችበት ካሜራውን ተክሏል። ይህን ያስተዋለ ጽሑፍ ፈልጌ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስለዚህ እኔው ጻፍኩት።

የእኔ የዐርብ ፊልም አላለቀም። ሽማግሌው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ከካሴቶቹ ከፊሎቹን ሻጋታ በልቷቸዋል፤ ሦስቱ አሁንም ይጫወታሉ። ለምን እንዳልጨረስኩት ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ቤተሰብ፣ ልጅ፣ ኑሮ... ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ሰዉም አንገቱን ይነቀንቅልኛል። እውነቱ ግን፣ ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ፓውዛ ይዛ፣ ሐሙስ ደግሞ እኔ ተሳቅቄ የተውኩትን ቀሪ ሂሳብ ተከታትላ ባታመጣ ዐርቧም የእኔ አትሆንም ነበር። ዐርቧን የሰጠችኝን ሰው ዐርብ እንዳጠፋችብኝ አድርጌ ሳወራ ኖሬአለሁ፤ አንዳንዴም እሷ ቡና እያፈላች በምትሰማበት።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። ስለ ወይዘሮ ሺሪኪያና ያልኩትን ጸጥ ብላ አዳመጠች። ስለ ራሷ ያልኩት ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ፓውዛው አምስት መቶ ዋት ነው ያልከው ስህተት ነው» አለች፤ «አንድ ሺህ ነበር። እጄ ያውቀዋል።»

ከላይ አስተካክዬዋለሁ።