አሳማ በሌለበት የመጣ ጉንፋን

«የአሳማ ጉንፋን» ሲባል የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ነዋሪ «አሳማ አላረባ፣ ሥጋውን አልቀምስ፤ በሽታው ከእኔ ምን አለው?» ቢል አይፈረድበትም። ስሙ ያሳስታልና። የሀገራችን ታሪክ ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዘመኑ 1911 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። የጅቡቲው ባቡር ከተማይቱ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ የሩቁ ወደብ ቅርብ ሆኗል። ሕዝቡ ደዌውን «የኅዳር በሽታ» አለው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ እየወደቀ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ፤ ቀባሪ ያጣውን ሬሳ ጅብ ጐተተው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው መሞቱን ገልጸዋል።

ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው በሽታ አሳማ አላስፈለገውም። ሊቃውንት ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳረጋገጡት ቫይረሱ «ኤች 1 ኤን 1» የሚባለው ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ አሳማዎችም ታመው ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ያኔ አስተላላፊው ሰው፣ ተቀባዩ አሳማ ነው። የቫይረሱ ዘር በአሳማ ውስጥ ሲለዋወጥ ኖሮ፣ ከወፍና ከሰው ቫይረሶች ዘር ጋር ተዳቅሎ፣ በ2001 ዓ.ም. በሜክሲኮ በአዲስ መልክ ብቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀው። በዚያው ወር ኢትዮጵያም ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ በሽታውን ያዛመተው የሰው ሳልና ትንፋሽ፣ የሰው እጅ ነው፤ በደንብ የበሰለ የአሳማ ሥጋ አያስተላልፈውም። ብዙዎችን አስሎና አንቀጥቅጦ በሳምንት ይተዋቸዋል። በአንዳንዱ ግን ወደ ሳንባ ምች ይለወጣል፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ የአስምና የስኳር ሕመምተኞች ይጐዳሉ። በ1911ም ሆነ በ2001 ዓ.ም. ጐልማሶችን አለመማሩ ሐኪሞችን አስደንግጧል።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። ጢሱ ቫይረሱን አያባርርም፤ የታመመ ሳንባን ግን ይጐዳል። የልማዱ ቁም ነገር ጐረቤት ከጐረቤቱ ጋር ስለ ጤናው መነሣቱ ነው። ያኔ በሽታ ያደረሰው ባቡርና መንገደኛ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሣ አውቶቡስ በዚያው ቀን ሆሳዕና መናኸሪያ ይገባል። እንግዲህ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ገበያና ለቅሶ ሳይሄድ ቤቱ ቢተኛ፣ አፉን ሸፍኖ ቢያስል፣ መስኮቱን ቢከፍት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ቢደርስ፣ ከጢሱ የበለጠ ጐረቤቱን ጠበቀ ማለት ነው።