የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ

የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ የጉሮሮ ጡንቻዎች ላልተው የአየር መተላለፊያውን ሲዘጉ ወይም አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ ሳያስተላልፍ ሲቀር፣ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ደጋግሞ የሚቆምበት ሕመም ነው። በእያንዳንዱ መቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚቀንስና የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ፍሰት ይዋዥቃል። አዲስ ትውስታ የሚቀረጽበት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በኦክስጅን እጥረት በቀላሉ የሚጎዳ በመሆኑና እንቅልፉም ስለሚቆራረጥ፣ ታማሚው ይረሳል፣ ትኩረት ያጣል፣ መወሰንም ይከብደዋል። ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በማክሰኝት ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በሚገኙት የጎንደር ደጋዎች የአየር ግፊት ከቆላው ያነሰ በመሆኑ፣ ትንፋሹ ከመቋረጡ በፊትም የደም ኦክስጅን ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጥብቆ የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው፣ ሕመሙ አየር በሚገፋ ጭንብልና ክብደት በመቀነስ ሊታከም ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባዋል።