የጎርፍ መከላከያ ግድብን ከሥሩ የሚያፈርሰው የአሸዋ ፍልቀት

ለሚ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወንዙ ከታች በጥልቁ ስለሚያልፍ ሙላቱ ለከተማዋ ሥጋት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሩዝ ማሳውንና መንደሩን ያጥለቀልቃሉ፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ለዚህ አንዱ ማሳያ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የወንዝ ዳር የአፈር ግድብ የብዙዎች መጠለያ ይሆናል።

ግድብ የሚፈርሰው ውኃ በላዩ ሲያልፍ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ውኃው ገና ከአናቱ ሳይደርስ ከሥሩ ሊናድ ይችላል።

ወንዞች ባነጠፉት ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ ስስ የሸክላ አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ አሸዋ ይገኛል። ወንዙ ሲሞላ የውኃው ግፊት በአሸዋው በኩል ከግድቡ ሥር ያልፍና በማሳው ወገን ሽቅብ ይገፋል። ስንጥቅ፣ የአይጥ ጉድጓድ ወይም ካስማ የተነቀለበት ቀዳዳ ካገኘ ከዚያ ይፈልቃል። ግፊቱ ሲበረታ አሸዋውን እያንተከተከ ያወጣዋል፤ በአፉ ዙሪያም የእሳተ ገሞራ ተራራ የመሰለ ትንሽ ክምር ይሠራል። አደጋው የሚታየው ክምር ሳይሆን የማይታየው ባዶ ቦታ ነው። አሸዋው በወጣ ቁጥር ከግድቡ ሥር እንደ ቧንቧ ያለ መተላለፊያ ወደ ወንዙ አቅጣጫ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ከወንዙ ጋር ሲገናኝ ግድቡ ይሰምጣል፣ ይደረመሳል።

በሚሲሲፒና በኦሃዮ ወንዞች መገናኛ ላይ ያለችው የአሜሪካዋ ካይሮ ከተማ በ2003 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ፍልቀት አስጨንቋት ነበር። የወንዙን ከፍታ ለመቀነስ ሚያዝያ 24 ቀን በማዶ ያለው የበርድስ ፖይንት ግድብ ሆን ተብሎ በፈንጂ ተከፈተ፤ ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ መሬትም በውኃ ተዋጠ።

ዋናው ምልክት የውኃው መልክ ነው። የጠራ ውኃ ቢፈልቅ ክትትል ይበቃዋል፤ አሸዋ ይዞ ከደፈረሰ ግን አጣዳፊ ነው። በደመ ነፍስ የሚመጣው ሐሳብ ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ግፊቱ በሌላ ስፍራ ፈንቅሎ ይወጣልና። ባለሙያዎች የሚያደርጉት አሸዋ በተሞላ ጆንያ ፍልቀቱን ዙሪያውን ማጠር ነው። በአጥሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ከላይ እየተጫነ ፍሰቱን ያዘገየዋል። አጥሩ የሚነሣው ውኃው ጠርቶ እስኪፈስ ድረስ ብቻ ነው፤ ትርፉ ውኃም መውጫ ይተውለታል።

ለዘለቄታው ደግሞ በግድቡ ግርጌ በማሳው ወገን ተጨማሪ አፈር ይደለደላል፤ ወይም ግፊቱን የሚያስተነፍሱ የማጣሪያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። በግርጌው አጠገብ ለጡብ ወይም ለምርግ አፈር መዛቅ ስሱን የሸክላ ንጣፍ ስለሚያሳሳው ለፍልቀት በር ይከፍታል።