የነጋድራሱ ልጅ፣ የካርቱሙ ስብሰባና የሚኒስትሩ ወንበር

ከብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ተነስቶ በለገሃር በኩል ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም የሚያዘግም ሰው ብዙም አይደክምም። በመጋረጃና በፉጨት መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው። በመንግሥት መዋቅር ግን ሁለቱ አንዴ ሲጋቡ፣ አንዴ ሲፋቱ ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ባህልንና ስፖርትን እንደገና በአንድ ሚኒስትር ሥር ሲያደርጋቸው፣ «ደግሞ ኳስና ክራር ምን አገናኛቸው?» ማለት የሚቀናው ሰው አይጠፋም።

በአንድ ቤት ግን ተገናኝተው ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ መኪና መንዳት ሊማሩ ጀርመን አገር በሄዱበት ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው የመጡ፣ በዚህም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባሉ የግጥምና የዜማ ሰው ናቸው። ልጃቸው ደግሞ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ፤ ያረፉትም በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። ስማቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ቡሄ በመጣ ቁጥር ሕፃናት ጅራፍ ሲያጮኹ እኝህን ሰው የሚያስታውስ ጥቂት ስለሆነ፣ የዛሬው ዓምድ ለእሳቸው ይሁን።

የሕይወት ታሪካቸው በጥቅሉ የታወቀ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በቀለም ላይ የቆመው የወረራው ሕግ ኳስ ሜዳንም አልማረም። የነጩና የአገሬው ተወላጅ ጨዋታ ተለያየ፣ የአገሬው ቡድኖችም ወራሪው በሰጣቸው ስም እንዲጫወቱ ተገደዱ። ከነፃነት በኋላ ይድነቃቸው የጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ፣ ቀጥሎም አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን በእሳቸው አመራር ሥር ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት የተወለደ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁም በዚያ ፍጻሜ ግብ አስቆጥረዋል። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸውም ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የካፍ፣ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ።

ይህን ሁሉ ብዙዎች ያውቁታል። የሚያከራክረውና እኔንም የሳበኝ ግን ከዋንጫው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በካርቱም የሆነው ነው።

ዘመኑን እናስታውስ። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና ዓመት ከአንድ ወር ነው። ጋና ነፃ ልትወጣ ሳምንታት ቀርተዋታል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊወለድ ስድስት ዓመት ይቀራል። በ1948 ዓ.ም. በሊዝበን የፊፋ ጉባኤ ላይ የተገናኙ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች «የራሳችን ማኅበር ይኑረን» ብለው ተመካክረው ነበር። ምክሩ ፍሬ ያፈራው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። አራት አገሮች፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ፣ በመሥራችነት ተቆጠሩ። ከሁለት ቀን በኋላ የሚጀመረው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ድልድሉ ቀላል ነበር፦ ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ።

ሁለተኛው ጨዋታ አልተካሄደም። ለምን? እዚህ ላይ ሁለት ታሪክ አለ።

የመጀመሪያው ይድነቃቸውና የሱዳኑ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ሲናገሩት የኖሩት፣ ካፍም እንደ ልደት ታሪኩ የያዘው ነው። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል «ቡድናችን ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፤ መቀላቀል አንችልም» አሉ። ሦስቱ አገሮች «ተቀላቅላችሁ ካልመጣችሁ አትጫወቱም» ብለው በሩን ዘጉ። ሁለተኛው ታሪክ ማንም ማንንም አላባረረም ይላል። በዚህኛው አባባል ደቡብ አፍሪካ በራሷ ምክንያት ቀረች፤ የመባረሩ ነገር ኋላ ትግሉ ሲፋፋም የተጨመረ ጌጥ ነው።

የሁለተኛው ታሪክ ተከራካሪዎች አንድ ሹል ነጥብ አላቸው። ከደቡብ አፍሪካ መቅረት በቀጥታ የተጠቀመው ማን ነው? ኢትዮጵያ ናት። አንድም ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች። እናስ የይድነቃቸውን ምስክርነት እንዴት በደፈናው እንመን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥቅሙ ግን ያን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ የሚባለው አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ይልቅ የሚመዝነው የሱዳኑ ሰው ምስክርነት ነው። ሱዳን በግብፅ 2 ለ 1 ተሸንፋ ስለወደቀች ከደቡብ አፍሪካ መቅረት ያገኘችው ነገር የለም። ያልተጠቀመው ሰው ከተጠቀመው ጋር አንድ ቃል ከተናገረ፣ ዳኛ ሆኖ ለሚያዳምጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሚኒስትር አለ። በሰኔ 1948 ዓ.ም.፣ የሊዝበኑ ጉባኤ በተካሄደበት ሰሞን፣ የደቡብ አፍሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴዮፊለስ ዶንገስ የመንግሥታቸውን የስፖርት ፖሊሲ በይፋ ተናገሩ። ነጭና ነጭ ያልሆነ ስፖርቱን ለየብቻ ያደራጃል፤ በአንድ ቡድን አይቀላቀልም። እንግዲህ ፌል ካርቱም ሲገቡ ይህን የሚኒስትር ቃል በጀርባቸው አዝለው ነው። ቢፈልጉም የተቀላቀለ ቡድን አመጣለሁ ማለት አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሩን የዘጋው ሰው ማን እንደሆነ ሊያከራክር ይችላል፤ በሩ የተዘጋበት ምክንያት ግን በሁለቱም ታሪክ አንድ ነው። ያን ምክንያት ጮክ ብለው በስሙ የጠሩት ደግሞ ቀለም የለየውን የኳስ ሜዳ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ላይ ያዩት ሰው መሆናቸው አይገርምም።

ሊጤን የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በአንድ በኩል ቆሞ የነበረው የመንግሥት ሚኒስትር ፖሊሲ ነው። በሌላው በኩል የቆሙት የፌዴሬሽን ሰዎች ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባህልና ስፖርት የሚባል ሚኒስቴር አልነበረም፤ ይድነቃቸውም የሚኒስትር ወንበር አልነበራቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሦስት ደሀ ማኅበራት ተባብረው የአንድን ባለጸጋ መንግሥት ሚኒስትር ቃል ከአህጉሩ ሜዳ አስወጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አገደ፣ በ1955 እገዳውን አነሳ፣ በ1957 እንደገና አገደ። በመሃሉ የአፍሪካ አገሮች ለ1958ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ራሱን የቻለ ቦታ ስለተነፈጉ ከማጣሪያው ወጡ፤ የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው በዚህ ትግል ግንባር ቀደም ነበሩ። ለቀጣዩ የሜክሲኮ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ የተባረረችው ደግሞ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ነው።

ሞንትሪያል ስንል ግን ሌላ ነገር ይመጣል። በዚያው ወር፣ በዚያችው ከተማ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 የሚበልጡ አገሮች የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ተቃውመው ከኦሊምፒክ ወጡ። ይህ የመንግሥታት ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሯጮች ናቸው። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ያን ክረምት ሳይሮጥ አለፈው፤ ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት እስከ ሞስኮ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። የሞንትሪያሉስ ቢያንስ የካርቱምን ዓላማ የተከተለ ነው ይባል። ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል ኦሊምፒኮች መቅረታችን ግን በቀዝቃዛው ጦርነት ሰልፍ ውስጥ ለመቆም የተደረገ ነበር። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ቆየ። ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ ማራቶን ሲሮጥ የክብረ ወሰኑ ባለቤት በቦታው አልነበረም። ያኔ የባህልና ስፖርት ጉዳይ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ዓመታት አልፈው ነበር። ወንበሩ ነበረ፤ ወንበሩ መኖሩ ብቻውን ሯጩን ለመነሻው መስመር አላበቃውም።

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንድ ሰሞን ወጣቶች፣ ስፖርትና ባህል ተባለ። ቆይቶ ባህል ከቱሪዝም ጋር ሄደ፣ ስፖርት ከወጣቶች ጋር ተጠጋ፣ ኋላም ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ቱሪዝም ለብቻው ሲወጣ ባህልና ስፖርት ተመልሰው ተገናኙ፤ የመጀመሪያው ሚኒስትርም ቀጄላ መርዳሳ ሆኑ። የሥራው ዝርዝር ሰፊ ነው። ቋንቋና ኪነ ጥበብ፣ ገናና ጉግስ፣ ትግልና ገበጣን የመሳሰሉ ባህላዊ ስፖርቶች፣ ከቀበሌ እስከ አገር ያሉ ማዘውተሪያዎች፣ ፌዴሬሽኖችን መደገፍና መከታተል ሁሉ በዚያ ጥላ ሥር ይወድቃሉ።

መደገፍና መከታተል ግን ማዘዝ አይደለም። የዓለም ስፖርት ሕግ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። በ2000 ዓ.ም. ክረምት በፌዴሬሽኑ አመራር ውዝግብ የተነሳ ፊፋ ኢትዮጵያን አግዶ ብሔራዊ ቡድኑን ከደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንደሰረዘው የምናስታውስ ነን። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጀው ዓለም ዋንጫ፣ ይድነቃቸው ያባረሩት ሥርዓት በወደቀበት አገር ሲካሄድ፣ የይድነቃቸው አገር በማጣሪያው እንኳ እስከ መጨረሻው አልተሰለፈችም።

ታዲያ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሥራው ምንድን ነው? የካርቱም ታሪክ የሚሰጠው መልስ ለእኔ ግልጽ ነው። ዶንገስ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ሲወስኑ የሚኒስትርን ሥልጣን ከቦታው አሳልፈውታል። ጥሩ ሚኒስትር ሜዳውን ያዘጋጃል፣ መድረኩን ያበራል፣ በጀቱን ያስፈቅዳል፣ ከዚያም እንደ ይድነቃቸው ያለ ሰው እንዲነሳ መንገዱን ይለቃል። ባህልና ስፖርትን አንድ ቤት ማድረጉም ነውር የለበትም፤ ነጋድራስ ተሰማና ልጃቸው ያለ አዋጅ አድርገውታል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ይህን ይመስላሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ፍላጎቷን ገልጻ ነበር። ያም ሆኖ ካፍ ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም በማለቱ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሜዳ አድርጓል። የሚኒስትሩ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ከንግግሩ በፊት ሣሩንና መብራቱን ቢያስቀድም ለሟቹ ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደችው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያኔ የካፍ ፕሬዚዳንት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።