ውጅግራና መነጽር

ዛሬ ለ22 ካሊበር የኢላማ ጠመንጃ መነጽር የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ርቀቱን ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሜትር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ ጣሊያንን በተዋጋበት በቢቸና አገር ግን ርቀት ለኪው የአርበኛው ዓይን ነበር።

ስሙን ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የወሰደው ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። 11 ሚሊሜትር እርሳሱ ከባድና ዘገምተኛ ስለሆነ ርቀቱን አሳንሶ የገመተ ተኳሽ ከኢላማው በታች ይመታል። ሞጣ በኩል፣ ሰባራ ድልድይ ወዳለበት የዓባይ ገደል ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ ጥይቱ ከፍ ብሎ ያልፋል (ስበት የሚቆጥረው አግድም ርቀቱን ነዋ!)። የጥቁር ባሩዱ ጭስ በበኩሉ የተኳሹን ቦታ ያጋልጣል። ስለዚህ ያለው አማራጭ አስጠግቶ መተኮስ ነው።

የጣሊያኑ ጠመንጃ ስድስት ይጎርሳል፣ ጭሱም እምብዛም ነው። እሱን ለመማረክ ግን መጀመሪያ በውጅግራ መቅረብ ነበረበት።